ዕቃ የሚያውስ ሐይቅ

ባለፈው እሑድ ተካልኝ ደወለልኝና «ድምፅሽ እንዴት ያምራል» አለኝ። ሰው እንደሞተ ወዲያው አወቅሁ።

ተካልኝን ለማያውቅ ሰው ይህ ግራ ይሆንበታል። ተካልኝ ሰው አያመሰግንም። ሠርጌ ላይ መጥቶ ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ፣ ሲወጣ «አዳራሹ ይቀዘቅዛል» ብሎኝ የሄደ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጄን ፎቶ ስልክለት «ጆሮው የማን ነው?» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከመሬት ተነስቶ ድምፅሽ ያምራል ሲለኝ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩና «ማን ነው?» አልኩት።

«ጋሽ ይማም ነው?» ስል ጨመርኩ።

«እሱ ነው ሰሊ» አለኝ። «ማለቴ... ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ልቡ ነው አሉ። ብዙም አልቆየም።»

በምስጋና ውስጥ መርዶ ሲደበቅ ማወቅን የተማርነው ከራሱ ከጋሽ ይማም ነው። እንዴት እንደተማርነው ካልነገርኳችሁ ሰውየው አይታያችሁም።

የተዋወቅነው ቤንዚን ሰማይ በነካበት ሰመር ነው። ሁላችንም ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ከተማ አንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ እንኖራለን፣ ሁላችንም ግራንድ ፕሬሪ አንድ መጋዘን እንሠራለን፤ ግን ጠዋት በየመኪናችን ተከታትለን እንወጣና ከሰዓት ተከታትለን እንመለሳለን። ሰላምታችንም ከመስታወት ጀርባ እጅ ማውለብለብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰው በየበሩ እያንኳኳ «ቀብር ነው እንዴ በሰልፍ የምንሄደው? ከነገ ጀምሮ በእኔ ቫን ነው» አለን። እሱ ነበር ጋሽ ይማም።

ሃምሳን አለፍ ያለ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሰማ ትከሻው ብቻ የሚስቅ የወሎ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስለው ሞተር ሊያስነሳ የነበረውን እጁን መለሰና «አንቱ ያለኝ ከቫኔ ይወርዳል። እርጅናዬን ለእትዬ ዘነበች አስተላልፌያለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ አንተ!» አሉ እትዬ ዘነበች ከአጠገቤ። እትዬ ዘነበች ልጃቸው ልጆቼን ይጠብቁልኛል ብላ ያስመጣቻቸው፣ «እኔ ሞግዚት ልሆን አይደለም አሜሪካ የመጣሁት» ብለው ሥራ የገቡ ሴት ናቸው። ከፊት ደግሞ በሎተሪ የመጣው ተካልኝ ይቀመጣል፤ ከአየሩም ከመንገዱም ከመቀመጫውም እየተጣላ።

መጋዘናችን ሰው ገዝቶ የመለሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚመጣበት ነው። ስልክ፣ ካሜራ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ጂፒኤስ። ሥራችን ካርቶኑን ከፍቶ፣ ዕቃውን አብርቶ፣ ፈትሾ መለየት ነው። የተበላሸው ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ደህናው አረንጓዴ። አረንጓዴው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እኛ «ጉድለት የለበትም» እንለዋለን። በየካርቶኑ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ለምን እንደመለሰው ይጻፋል። ጋሽ ይማም ይህን ምክንያት ሳያነብ ዕቃ አይነካም ነበር። «ባለቤቴ አልወደደችውም» ይላል አንዱ። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ይላል ሌላው። ይህኛው በተለይ ያናድደዋል።

«ሐሳቡን ቀየረ! ወላሂ፣ አንተ ምን አጠፋህ?» ይለዋል ዕቃውን፤ አገላብጦ ያየዋል፣ ያበራዋል፣ ሲበራለት «አብሽር፣ ምንም የለብህም» ብሎ አረንጓዴዋን ልጥፍ ያደርግለታል። አንዲት ካሜራ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ስትዳሰስ ያየሁት እሱ ጋ ነው።

ሳይሸጥ የሚቀረውን ዕቃ መጋዘኑ አልፎ አልፎ ለሠራተኛው በርካሽ ይሸጣል። በዚያ ቀን ጋሽ ይማም አንደኛ ነው። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ቴሌቪዥን ነበር። በቫኑ ፊት ለፊት የለጠፋት ጂፒኤስም የዚያ ፍሬ ናት። ከጋርላንድ ግራንድ ፕሬሪ በየቀኑ የምንሄድበትን መንገድ ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን፤ እሱ ግን ሳያበራት አይነዳም። ብቻዋን ስታወራ መተው ነውር ነው ይላል። ሴትዮዋ «በቀኝ በኩል ውጣ» ስትል «እሺ እመቤት» ይላታል። ስቶ ሲያልፍና እሷ መንገዱን እንደገና ማስላት ስትጀምር «አፉ በይኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል።

«ጋሼ፣ ማሽን ናት እኮ!» ይላል ተካልኝ።

«አንተስ ሰው ሆነህ መቼ ነው መንገድ ያሳየኸኝ?»

ፊልም ደግሞ እስከ መጨረሻው አያይም። ጋርላንድ ካለው የሐበሻ ሱቅ የአማርኛ ፊልም ይከራይና እኛን ይጠራናል። ልክ ነገሩ ሊፈታ ሲል፣ ልጅቷ አባቷን ልታገኝ፣ ሌባው ሊያዝ ሲል፣ ሪሞቱን ያነሳና ያቆመዋል። ከዚያ ተነስቶ በክፍሉ መሐል እየተንጎራደደ መጨረሻውን ራሱ ይነግረናል። እውነት ለመናገር የእሱ መጨረሻ ሁልጊዜ ይሻል ነበር። ተካልኝ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ «ቆይ፣ ትክክለኛው ምን ነበር?» እያለ ይበሳጭ ነበር፤ አንዳንዴም ሄዶ ያንኑ ፊልም እንደገና ይከራያል።

ይህ የሰውን ሁሉ ታሪክ የሚጨርስ ሰው ነው እንግዲህ የራሱን መጨረስ ያቃተው።

አንድ ቀን መጋዘን አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ተመልሳ መጣች። ምክንያቱ «የራሴን ድምፅ አልወደድኩትም» ይል ነበር። ጋሽ ይማም ለሁላችን እያዞረ አስነበበን፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻው ሲስቅ ዋለ። ሽያጩ ሲደርስ ገዛትና በማግስቱ ቫኑ ውስጥ ጂፒኤሷ አጠገብ አስቀመጣት።

«ልብ ወለድ ልጀምር ነው» አለ።

«መቼ ልትጽፈው? ደብል ሺፍት እየሠራህ?» አለው ተካልኝ።

«አልጽፍም። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ድሮም አታነብም። የሬዲዮ ሰው ናት። እኔ እየነዳሁ እናገራለሁ፣ እሷ አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ሆና ትሰማለች። የሚሄድ ሰው ሲገኝ እልክላታለሁ።»

እናቱ ወይዘሮ ዘሃራ ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው በሐይቅ ከተማ፣ ከእህቱ ጋር ነው የሚኖሩት። የሬዲዮ ድራማ ሲጀምር እንግዳ ቢመጣ «ቁጭ በልና ዝም በል» የሚሉ ሴት ናቸው፤ ጋሽ ይማም ፊልም እያቋረጠ የሚጨርሰውም ከእሳቸው የተማረው ነው። በልጅነቱ የሬዲዮው ባትሪ ድራማው መሐል ላይ ያልቅና የቀረውን እሳቸው ለልጆቹ ይጨርሱላቸው ነበር አሉ።

ልብ ወለዱ እንዲህ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ራሴም አላውቅ፣ አሁንም በቃሌ አለ። «ዕቃ የሚያውስ ሐይቅ ነበር። የጎደለው ሰው አመሻሽ ላይ ዳርቻው ላይ ቆሞ የጎደለውን ይናገራል። ሲነጋ ዕቃው ረጥቦ ዳር ላይ ይገኛል። ለሠርግ ድስት፣ ለእርሻ በሬ፣ ለመንገደኛ በቅሎ። ሐይቁ የሚመለስበትን ቀን ይናገራል፤ በቀኑ ያልመለሰ ሁለተኛ አይዋስም።»

በዚያ አገር ሰዓዳ የምትባል እናቷ የሞተችባት ልጅ አለች። ሰው ሁሉ ድስትና በሬ ሲዋስ እሷ ዳር ላይ ቆማ «እናት አውሰኝ» ትላለች። ሲነጋ አንዲት ሴት ከነልብሷ ረጥባ ከውኃው ትወጣለች፤ ጸጉሯን እየጨመቀች «ቁርስ በልተሻል?» ትላታለች።

እዚህ ጋ እትዬ ዘነበች ሁልጊዜ «ውይ!» ይላሉ።

ሐይቁ ግን ለሰዓዳ ቀን አልነገራትም። «ስጠራ ትመልሺያታለሽ» ብቻ ነው ያላት። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ኖረች፣ አደገች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሐይቁ ጠራ።

እዚያ ሲደርስ ጋሽ ይማም ዝም ይላል። ወደ መስታወቱ ያያል፤ መስመር ይቀይራል። ከዚያ መቅጃዋን ሳያጠፋ «ነገ እንደገና ከመጀመሪያው» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሐይቅ እስከ መቼ ነው የሚጠራው?» ይላል ተካልኝ። «የስልክ ካምፓኒ ነው እንዴ? ሶ፣ ምንድነው ችግሩ? ይዛት ትጥፋ!»

«ወዴት ነው የምትጠፋው? ውኃ የሌለበት አገር አለ?»

«አሪዞና!»

እትዬ ዘነበች በበኩላቸው ልጅቷ ሳትዳር ሐይቁ መጥራት እንደሌለበት አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። «እናት በልጇ ሠርግ ላይ ካልተገኘች ምኑን እናት ተዋሰች?» ይላሉ። እኔ የበሬው ነገር ነበር የሚያሳስበኝ፤ የሞተ በሬ እንዴት ይመለሳል? ጋሽ ይማም ሁላችንንም ይሰማል፤ በማግስቱ ከእኛ ሐሳብ አንዱን ቀላቅሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሐይቁ ሲጠራ ያቆማል። ዓመት አለፈ እንዲህ ስንል።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቫኑ ውስጥ ሆኖ በካርድ ወደ እናቱ ይደውላል። ስልኩን ስፒከር ላይ ስለሚያደርገው አንዳንዴ እኛም ሰላም እንላቸዋለን። አንድ ዓርብ ታሪኩን ሐይቁ እስከሚጠራበት ድረስ ነገራቸው። እሳቸውም ከወዲያ ማዶ «እሺ፣ መለሰቻት?» አሉት።

«እማ፣ አልወሰንኩም። የምትደብቃት ይመስለኛል።»

«አማና አይበላም ልጄ፣ አደራ ነው። ትመልሳት» አሉ። «መመለሷንማ አውቄዋለሁ። እንዴት ብላ እንደምትመልሳት ነው የምትነግረኝ። በል፣ ቶሎ ጨርሰው፣ እጠብቃለሁ።» ከዚያ እያንዳንዳችንን በየስማችን መረቁን፤ ተካልኝን «ምላስህን ያለስልስልህ» አሉት። አሜን ያላለ ተካልኝ ብቻ ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ይማም መሪውን ይዞ ቁጭ አለ። «መልሳት ትለኛለች» አለ። «እኔ ደግሞ አፌ እንቢ ይለኛል።»

ከዚህ በኋላ ሳምንታት አለፉ። አንድ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ተካልኝ እኔንና እትዬ ዘነበችን ከካርቶኖቹ ጀርባ ጠራን። ፊቱ አመድ መስሏል። የጋሽ ይማም የአክስት ልጅ ኑርዬ ከጎረቤት ከተማ ከሜስኪት ደውሎለት ነው። ወይዘሮ ዘሃራ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። እህቱ ለእሱ መናገር ስለማይገባት ለኑርዬ ነገረች፤ ኑርዬም አብረነው ስለምንውል ለእኛ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፣ መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ከሥራ ኦፍ ሲሆን ሽማግሌ ይዘን ቤቱ ሄደን እንድንነግረው ተወሰነ። እስከዚያ የእኛ ሥራ ምንም እንዳልተፈጠረ መሆን ነው። ዓርብ ሲደውል እህቱ ስልክ አታነሳም።

«ፊታችሁን አስተካክሉ» አለን ተካልኝ፤ የእሱን ብታዩት።

የዚያን ቀን ስንመለስ ጋሽ ይማም ደስ ብሎት ጠበቀን። የኑርዬ ጎረቤት እሑድ ወደ ወሎ ሊሄድ ነው፤ መቅጃዋን ሊወስድለት ተስማምቷል። «በቃ፣ እስከ እሑድ እጨርሰዋለሁ። እማ ብዙ ጠበቀች» አለ። እትዬ ዘነበች ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን ቦርሳ ጨበጥኩት። ከጋርላንድ የመጣ ዝናብ መስታወቱን ይመታ ነበር፤ ጋሽ ይማም ስለ ዝናቡ አንድ ቀልድ ተናገረና ሦስታችንም ከልክ በላይ ሳቅን።

ሐሙስ ጠዋት መቅጃዋን አበራ። ሐይቁ፣ ድስቱ፣ ሰዓዳ፣ ከውኃው የወጣችው እናት። «ቁርስ በልተሻል?» ሲል እትዬ ዘነበች «ውይ» አላሉም። ሐይቁ ጠራ። ጋሽ ይማም እንደ ልማዱ የተካልኝን ስድብ ጠበቀ።

«ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ ተካልኝ።

ቫኑ ውስጥ ጸጥ አለ።

«በጣም ቆንጆ ነው» ሲል ጨመረ፤ ጸጥታው አስፈርቶት ይመስለኛል። «ማለቴ፣ ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ ታሪክ ሰምቼ አላውቅም።» ማተቡን አንገቱ ላይ አድርጎ ወላሂ አለ።

ጋሽ ይማም ዞር ብሎ አየው። ከዚያ በመስታወቱ እኛን አየን፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እትዬ ዘነበችን። ጂፒኤሷ «በቀኝ በኩል ውጣ» አለች። አልመለሰላትም። መውጫውን አልፈን ሄድን፤ መንገዱን እንደገና ማስላት ጀመረች፤ ይቅርታም አልጠየቃት። እኔ የመሰለኝ ታሪኩን ማሰብ ይዞት ነው።

መጋዘን በር ላይ ስንደርስ እትዬ ዘነበች፣ በሕይወታቸው ከሰው ክብሪት እንኳ ተበድረው የማያውቁት ሴትዮ፣ «ይማም፣ ያችን የስልክ ካርድህን እስቲ አውሰኝ፣ አዲስ አበባ ልደውልባት» አሉት። ከጸሐይ መከላከያው ላይ አወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። «እስኪበቃዎት ድረስ ይያዙት እትዬ፣ አብሽሩ» አለ። እኛ ተንኮላችን ስለተሳካ እፎይ አልን።

ዓርብ ያየነው ጋሽ ይማም እስካሁን ይገርመኛል። ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ቫኑን አሙቆ ጠበቀን። መቅጃዋን ሳያበራ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ግን ሌላ ነበር። ሰዓዳን ዳራት! ድንኳኑን፣ ዘፈኑን፣ እናትየው ለብሳ የወጣችውን ቀሚስ ጥልፍ ሳይቀር እስከ ሃይዌይ ሠላሳ ድረስ ሲያወራ እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ለተካልኝ ደግሞ ሰዓዳ አሪዞና ድረስ የምትጋልበው በቅሎ ጨመረለት። የእኔም በሬ ተረሳ እንዳይመስላችሁ፤ ሞቶ ቆዳውን መልሰው ሐይቁ ተቀበለ። ሁላችንንም በየተራ አባበለን። ልጅ ለክትባት ስትወስዱት እንደምታባብሉት ዓይነት ነው። የሚወጉት እኛ ነን ብዬ ግን እንዴት ልገምት?

ቅዳሜ ማለዳ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ተሰበሰብን። ኑርዬ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የመጋዘኑ ልጆች፣ የግቢው ሐበሻ ሁሉ። ኑርዬ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ውኃ ማን እንደሚያቀብል በሹክሹክታ ደለደለን። ደረጃውን እየተሳሳብን ወጣን።

በሩ ክፍት ነበር።

ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ወለሉ ላይ ምንጣፍና አንሶላ ተነጥፏል። ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ከየት እንዳመጣቸው የማላውቃቸው ተጣጣፊ ወንበሮች በመደዳ ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ የታሸገ ውኃ በካርቶን ተከምሯል። ጋሽ ይማም ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መሐል ላይ ቆሟል።

«ግቡ፣ ግቡ» አለን። «አፉ በሉኝ፣ ወንበሩ የሚያንስ ይመስለኛል።»

አንደኛው ሽማግሌ ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ። ኑርዬ ወደ እኛ ዞሮ በዓይኑ ሊበላን ደረሰ። «ማን ነገረህ?» አለው።

ጋሽ ይማም ተካልኝን በእጁ አሳየ። «እሱ ታሪኬን አመሰገነው» አለ።

ከዚያ ፊቱ ተሰባበረ። «እማዬ» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ኑርዬ እሱን ሲይዝ ተካልኝን የሚይዘው ጠፋ፤ ከባለሐዘኑ በላይ እየጮኸ በሩ ላይ ወድቆ ነበር።

ትንሽ ሲረጋጋ እትዬ ዘነበች አጠገቡ ተቀመጡና «ከሐሙስ ጀምሮ አውቀህ ዝም አልከን? ትናንት ሠርግ ስትደግስልን?» አሉት።

«ምን ላድርግ እትዬ» አለ። «ለእኔ ብላችሁ ተጨንቃችሁ፣ ቅዳሜን መርጣችሁ፣ ሰው ሰብስባችሁ። እንዴት ላበላሽባችሁ? ደግሞ ለብቻዬ አላለቀስኩም አልልም። እንባውን ግን ለእናንተም አስቀምጬ ነው።»

እኔ ከዚያ ቀን በፊት ደግነት ማለት ለሰው መስጠት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሊሰጥህ የመጣውን ቆሞ መጠበቅም ደግነት መሆኑን ያየሁት እዚያ ወለል ላይ ነው።

የኑርዬ ጎረቤት እሑድ መቅጃዋን ሳይዝ ሄደ።

ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት ቫኑ ውስጥ ጂፒኤሷ ብቻ ታወራለች፤ እሱም ቀስ ብሎ «እሺ እመቤት» ይላታል። መቅጃዋ በቦታዋ ናት፤ አቧራ ይዟታል። ብዙ ከሄድን በኋላ እትዬ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይማም፣ ልጅቷን ምን አደረግሃት?»

እጁን ዘርግቶ መቅጃዋን በአውራ ጣቱ ጠረጋትና አበራት። በዚያ ቀን ከመጀመሪያው አልጀመረም።

«ሐይቁ ጠራ» አለ። «ሰዓዳም የእናቷን እጅ ይዛ ወረደች። እናትየው በመንገድ ላይ ጸጉሯን ሠራችላት። ዳር ሲደርሱ ሐይቁ እንደ ማንኛውም ዕቃ ጠየቃት። ‹የምትመልሺያት ለምንድነው? ምን ጉድለት አገኘሽባት?›»

ታሪኩን አቋርጦ መስመር ቀየረ።

«ሰዓዳም አለች፤ ‹ምንም። ጉድለት የለባትም። ስለጠራህ ነው።› እናትየው ገባች። ውኃው ተዘጋ። አለቀ።»

መቅጃዋን አጠፋት።

ያ ሁሉ አረንጓዴ ወረቀት፣ በየቀኑ በእጃችን የምንለጥፈው፣ ዓይኔ ላይ መጣ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ማንም ማንንም አያይም። ግራንድ ፕሬሪ መውጫ ጋ ስንደርስ ተካልኝ አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገና በወፍራም ድምፅ፣

«መጨረሻው አጠረ» አለ።

ጋሽ ይማም መሪውን ይዞ መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ቀጥሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁ በድምፅ ወጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ። «ዛሬ ሰው አልሞተም!»

መቅጃዋን ከወራት በኋላ ሌላ ተጓዥ ወሰደለት። ለምን እንደሚልካት ስጠይቀው «እጠብቃለሁ ብላኝ ነበር» አለኝ። እህቱ የእናታቸው ሬዲዮ ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣት፣ ጎረቤት ሰብስባ አሰማች፤ ተካልኝ «አሪዞና!» ሲል ሐይቅ ከተማ ሙሉ ሳቀ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የቫናችን ሕግ ተለወጠ። ጋሽ ይማም ተካልኝ ሳይሰድበው ሞተር አያስነሳም። በሩን ዘግተን ስንቀመጥ ወደ ጎን ይዞርና «ስደበኝ እስቲ» ይለዋል። ተካልኝም ስለ ጫማው፣ ስለ ቫኑ ሽታ፣ ስለ አዲሱ ልብ ወለድ አንድ ክፉ ነገር ይናገራል። ሁለተኛ ልብ ወለድ ጀምሮ ነበርና፤ ስለ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ እሱም ከመጀመሪያው አላለፈም። ስድቡን ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው» ይልና ቁልፉን ያዞራል። በኋላ መጋዘኑ ተዘጋ፣ እኔም አግብቼ ከዳላስ ወጣሁ፣ እትዬ ዘነበችም አገር ቤት ገቡ። ተካልኝና እሱ ግን እስከ መጨረሻው በአንድ ግቢ ኖሩ።

እሑድ ዕለት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ተካልኝ ከወዲያ ሆኖ ይተነፍሳል፤ እኔ ከወዲህ። የቀብሩን ሰዓት ነገረኝ፤ ነገ እንደምነሳ ነገርኩት። ሊዘጋ ሲል አስቆምኩት።

«ተካልኝ» አልኩት። «ስደበኝ እስቲ።»

ሲሞክር ይሰማኛል፤ አንድ ቃል ይጀምርና ይተወዋል።

«ሰሊዬ» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺ እኮ... አንቺ እኮ በጣም ጥሩ ልጅ ነሽ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።